ኩሬ የተቀረጸበት ድንጋይ

እንግሊዝ ውስጥ፣ ከዌልስ ድንበር ብዙም በማይርቀው በሄርፎርድሸር፣ ካስል ፍሮም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኗን ከውጭ ላየው መንገደኛ የሚያስቆም ነገር የለውም። ውስጡ ግን ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተጠረበ የክርስትና ገንዳ አለ።

ሕፃን ሙሉ ሰውነቱ እንዲጠልቅበት ታስቦ ከድንጋይ የተፈለፈለ ትልቅ ገንዳ ነው። ከንፈሩን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሐረግ ይዞረዋል። ከሥር አርባዕቱ እንስሳ አሉ፤ አንበሳው፣ ላሙ፣ ንስሩ፣ ገጸ ሰብኡ፣ ሁሉም ክንፍ ያላቸው። እኛ በየመቅደሱ ግድግዳ ላይ ስናያቸው ያደግናቸው ናቸውና አስጎብኚ አያስፈልገንም። ገንዳውን ከታች የጎበጡ ሰዎች ተሸክመውታል።

የገንዳው ዋና ነገር ግን የጌታ ጥምቀት ነው። ጠራቢው ዮርዳኖስን እንደ ወንዝ አላስረዘመውም፤ ከላይ ቁልቁል እንደሚታይ ክብ ኩሬ አድርጎ፣ ሞገዱን ቀለበት በቀለበት ስሎ፣ ዓሣ ለቆበታል። ጌታ ራቁቱን መሐሉ ቆሟል። ከጎኑ ዮሐንስ አለ፤ የልብሱ እጥፋት በመስመር በመስመር የተቆፈረ ነው፤ የዚያ አካባቢ ጠራቢዎች እጅ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ከላይ የአብ እጅና ርግቢቱ ይወርዳሉ። ጌታን ከዮሐንስ አሳንሶ መቅረጹን አንዳንዱ የችሎታ ማነስ ይለው ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ገንዳው የሕፃናት ነው፤ ሰውዬው ያንን አስቦ የሠራው ይመስለኛል። ስሙን ግን አልተወልንም። በሰሜን እንግሊዝ፣ ብራይድከርክ በምትባል መንደር ያለውን ሌላ ገንዳ የጠረበው ሪቻርድ ስሙን በድንጋዩ ላይ ጽፎ፣ መዶሻና መሮ የያዘ ሰው ቀርጾ ሄዷል። የካስል ፍሮሙ ሥራውን ብቻ ነው የተወው።

እንዲህ ያሉ ገንዳዎች ብዙ መከራ አይተዋል። በድሮው ሥርዓት በትንሣኤ ዋዜማ የተባረከው ውኃ ገንዳው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ እየቀዳ ለፈውስም ለአስማትም ወሰደው፤ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ገንዳዎች ክዳን እንዲኖራቸውና እንዲቆለፉ አዘዘ። በብዙ አሮጌ ገንዳዎች ከንፈር ላይ የቁልፉ ብረት የተተከለበት ስብራት ዛሬም ይታያል። ጠበል በሃይላንድ ሞልተን ወደ ቤት ይዘን ለምንሄደው ለእኛ ይህ ትእዛዝ ግር ይላል። በ1640ዎቹ ደግሞ ፒዩሪታን የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መጡ፤ ገንዳዎቹን የጣዖት ቅሪት ነው ብለው አስወጧቸው፣ በምትካቸውም ተራ ሳህን አስቀመጡ። ከተጣሉት ከብት ውኃ የጠጣባቸው ነበሩ።

ወደ ካስል ፍሮም ስመለስ፣ ከሁሉ የሚገርመኝ በ1840 እዚያ የሆነው ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ዊልፎርድ ዉድረፍ የተባለ አሜሪካዊ የሞርሞን ሰባኪ ካስል ፍሮም ደረሰና ጆን ቤንቦ በሚባል ባለጸጋ ገበሬ ቤት መስበክ ጀመረ። ዉድረፍ ራሱ እንደጻፈው፣ የደብሩ ቄስ ሰባኪውን እንዲይዝ ፖሊስ ላኩ፤ ፖሊሱ አምኖ ተጠመቀ። ቀጥለው ምን እንደሚል ሰምተው እንዲመጡ ሁለት የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ላኩ፤ እነሱም ተጠመቁ። (ባለ ጉዳዩ ራሱ ያወራው ነውና ትንሽ ጠርጠር አድርጋችሁ ስሙት።) መጠመቂያው በቤንቦ እርሻ ውስጥ ያለ ኩሬ ነበር። ኩሬው ዛሬም አለ፤ ሞርሞኖች ከሩቅ እየመጡ ይጎበኙታል።

የሃይማኖቱን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔ የማስበው ያንን ድንጋይ ነው። የመንደሩ ሰው ወደ ኩሬ ወርዶ ሲጠመቅ፣ ክብ ኩሬና ዓሣ የተቀረጸበት ገንዳ እዚያው ደብሩ ውስጥ ቆሞ ነበር። ስም የለሹ ጠራቢ ጥምቀት ሜዳ ላይ፣ ሕይወት ባለበት ውኃ ውስጥ መሆኑን ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቀርጾ አስቀምጦላቸዋል። ጥምቀት ሲደርስ ታቦት አጅቦ ወንዝ ለሚወርድ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ይልቅ እዚህ አውሮፓ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ልጆቻችንን ክርስትና ያስነሳን ሰዎች፣ ጥግ ላይ የቆመውን የባለቤቶቹን ገንዳ ቀና ብለን አይተነው እናውቃለን ወይ?

እንዲህ ያለ ሥራ ሙዚየም ይገባዋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሙዚየም ውስጥ ከመቶ ድንጋይ አንዱ ይሆናል፤ ካስል ፍሮም ግን ልጅ የሚጠመቅበት ነው።

በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ከሌድበሪ ወደ ብሮምያርድ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ገንዳውን ከፊት ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ ዙሩት፣ ጎንበስ ብላችሁም የተሸከሙትን ሰዎች እዩ። ስትወጡ ለቤተ ክርስቲያኗ ጥገና የአቅማችሁን ጣሉ።