ንጉሥ የሌለው ሰልፍ

መጽሐፈ ምሳሌ አንበጣን በምድር ካሉ ጥቃቅን ጠቢባን ይቆጥረዋል፤ ንጉሥ ሳይኖረው ተሰልፎ ይወጣልና። እኔ ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ፤ ፊዚክስ ሙያዬ አይደለም። ይሁንና በ2013 ዓ.ም. መባቻ አንበጣ ወሎ ወርዶ የአክስቴን ማሽላ ከጨረሰ ወዲህ፣ ያ ንጉሥ አልባ ሥርዓት ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሃንጋሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ዓለም ፈጠሩ። ነዋሪዎቹ በራሳቸው ኃይል የሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች ናቸው፤ ሁሉም በእኩል ፍጥነት ይጓዛሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ እያንዳንዷ ቅንጣት በአቅራቢያዋ ያሉትን ታያለች፣ የእነርሱን አማካይ አቅጣጫ ትይዛለች፣ ጥቂት ግን ትስታለች። ስሕተቱ ሲበዛ ወይም ቅንጣቶቹ ሲራራቁ ሁሉም በየፊናው ይባዝናል። ስሕተቱ ሲቀንስ ወይም ሲጠጋጉ ግን፣ ውሃ ረግቶ በረዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ መንጋው ማንም ባልመረጠው አቅጣጫ ባንድነት ይነጉዳል።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ሌላው ነው። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ባሉበት ተተክለው እንደ ልባቸው የሚዞሩ ቀስቶች፣ ጥቂት ንውጥውጥታ እንኳ ካለ፣ እስከ አድማስ ድረስ በአንድ አቅጣጫ ሊስማሙ እንደማይችሉ ፊዚክስ ቀድሞ አረጋግጦ ነበር። ጆን ቶነርና ዩሃይ ቱ በዚያው ዓመት እንዳሳዩት ግን፣ ተጓዦች ይችላሉ። ተጓዥ ጎረቤቱን ይለዋውጣልና፣ የያዘውን አቅጣጫ ሩቅ ያደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ክንፍ ያላወጣውን የበረሃ አንበጣ፣ እኛ ኩብኩባ የምንለውን፣ በቀለበት መሰል ሜዳ ለቀቁት። ጥቂት ሲሆኑ ባዘኑ፤ ሲጨመሩ አብረው ተጓዙ፣ ድንገትም አብረው ፊታቸውን መለሱ፤ ከ30 ሲበልጡ ለሰዓታት ወደ አንድ ወገን ብቻ ዞሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት ከሰልፉ ምክንያቶች አንዱን ገለጠ፦ ኩብኩባ ወደፊት የሚገሰግሰው ከኋላው ያለው እንዳይበላው ነው። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንበጣን አይቶ የሚወስን ፍጡር አድርጎ በማቅረብ የቪቼክን ሥዕል ተፈታትኗል።

አንባቢ ሆይ፣ ከሩቅ አንድ ልብ የሚመስለው ሰልፍ ከቅርብ ሲያዩት የፍርሃት ሩጫ ሊሆን ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ኅብረትን እናወድሳለን፤ ድሩ ለምን እንዳበረ ግን አንጠይቅም። እኔ በቪቼክ ሕግ ውስጥ የምወደው ያችን ጥቂት ስሕተት ነው። ግጥምም ለእኔ እንደ እርሷ ናት፤ ሁሉም ወደ አንድ ሲነጉድ በጥቂቱ ታዘነብላለች። መንጋውን አትመልሰው ይሆናል። አቅጣጫው ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ አለመሆኑን ግን ታስታውሰናለች።