አሥራ አንድ ክር

ልጆች፣ እናንተ ነጠላ የምታውቁት ለስግድ ከሱቅ ተገዝቶ ነው። በእኛ ጊዜ፣ በጎንደር ገጠር፣ ነጠላ የቤት ሥራ ነበር። እናቴ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ አባቴ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ይሸምናል። ቤተ እስራኤል ርስት ስላልነበረን የሰው መሬት እያረስን፣ በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ እንኖር ነበር። የሸመንነውን የሚለብሰው ሰው ግን ዞር ብሎ «ቡዳ» ይለናል። የእጅ ሥራ እንጀራችንም ስድባችንም ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ እናንተ 1991 በምትሉት፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲመጣ እኔና ባለቤቴም መጣን። መወርወሪያም እንዝርትም አልያዝንም፤ የለበስነውን ብቻ። እሱ ሸማኔ ነበር። ሐዴራ ስንገባ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ አንድ ቀን እንኳ ጥለት ሳይጥል አረፈ።

ሹራብ ሥራ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በአረጋውያን ሞአዶን። አይ፣ ከሽመና ጋር አይገናኝም! ሽመና ድርና ማግ አለው፤ ድሩ ተወጥሮ ይጠብቃል። ሹራብ ግን አንዱ ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እየገባ ነው የሚሄደው። አንዷ ቀለበት ካመለጠች እስከ ታች ትተረተራለች።

ለልጅ ልጄ ትልቅ ነጠላ ልሥራላት አልኩ፣ ከጥጥ ክር፣ ጎኑ 200 ቀለበት። ነጩ ቀላል ነው። ጭንቁ ጥለቱ ነው። ባለቤቴ ይጥለው እንደነበረው በማዕዘኑ የቆመ ሰማያዊ ጌጥ ፈለግሁ፣ አምስት ጎን ለጎን። ለዚህ እያንዳንዱ ጌጥ የራሱ ትንሽ ድውር ክር ይፈልጋል፣ በመሐል ያለው ነጭም እንዲሁ። አምስት ሰማያዊ፣ ስድስት ነጭ፤ አሥራ አንድ ክር ከጀርባ ይንጠለጠላል።

ምሥጢሩ ቀለም መለወጫው ላይ ነው። አዲሱን ክር ካለቀው ክር ሥር አሳልፋችሁ ታነሱታላችሁ፤ ሁለቱ ይተቃቀፋሉ። ያለዚያ በመሐላቸው ቀዳዳ ይከፈታል። ካጠበቃችሁት ጨርቁ ይኮማተራል፣ ካላላችሁት ያፈጥጣል። ረድፉ ሲያልቅ ሥራውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ማዞር ነው፤ አለበለዚያ ክሩ ሁሉ ይተበተባል። ለባለቤቴ ጥለቱን የሚይዝለት ድሩ ነበር። ለእኔ የሚይዝልኝ የጎረቤቱ ክር ብቻ ነው።

የሥራው ንድፍ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ እኔ አላነበውም። የልጅ ልጄ ደግሞ አማርኛ አትችልም። ድሮ «ሳፍታ፣ ማ ሽሎሜኽ» ትለኛለች፣ «ደህና» እላታለሁ፣ በዚያው ያበቃል። አሁን አርብ አርብ ሰንበት ሳይገባ ትመጣለች። እሷ ወረቀቱን ይዛ «አሐት፣ ሽታይም፣ ሻሎሽ» ትቆጥራለች፤ እኔ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ እወጋለሁ። አንድ ቀን ቁጥሩን በአማርኛ ጀመረችው። እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አላየኋትም፣ እንዳታፍር።

ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ጌጡ የማን ነው? አያቴ ምን ይሠራ ነበር? «ቡዳ» ያሉንንም ነገርኳት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ ዕብራይስጤ። ለልጆቼ ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኩ።

አንዱ ጫፍ አልቋል። ሁለተኛውን እሷ ጀምራዋለች፤ እኔ እቆጥራለሁ። እናንተም አያቶቻችሁ ዘንድ ሂዱ። ቋንቋ ባይኖራችሁ ክር ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ።