እንቁላል በእግሩ ሲሄድ

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ የለም። ትዕግሥት ለጎደለው ልጅ፣ ሥራ ለከበደው ጎልማሳ፣ ጎጆ ለወጡ ወጣቶች ሁሉ ይነገራል። በዚህ ዘመን ግን ነገሩ ከምሳሌነት አልፏል። በእኛ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንቁላል ሁለት እግር አብቅሎ፣ ሰውነቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያስኬደችውም የእኅቴ ልጅ ናት።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ልጅ የምታሳድጉ እናቶችና ከሥራ ስትመለሱ ሌላ ሥራ ቤት የሚጠብቃችሁ እኅቶች፣ በዛሬው ጽሑፌ ላወያያችሁ የምፈልገው ስለዚሁ ሙያ ነው። ብዙዎቻችን የልጆች ጨዋታ ወይም የሀብታም አገር ሥራ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ከጎኗ ታግሶ የሚቀመጥ ሰው ላገኘች ጀማሪ በተራ ኮምፒዩተር ሊጀመር የሚችል ሙያ ነው።

ለመሆኑ ሙያው ምንድን ነው? ሞዴል መቅረጽ ማለት አንድን ዕቃ በኮምፒዩተር ውስጥ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከላይ እያዞሩ ሊያዩት በሚቻል ሁኔታ ማበጀት ነው። አኒሜሽን ደግሞ ያንን ዕቃ ማንቀሳቀስ ነው። እንቅስቃሴው በእርግጥ የዓይን ሽንገላ ነው። ፊልም ስናይ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ዓይናችን አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይችል “ተንቀሳቀሰ” ይላል። በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር አዳራሽ እየተጋፋን ያደግን የአራዳ ልጆች ሳናውቀው ስናደንቅ የኖርነው ይህንኑ ነው።

እኔ ኑሮዬን የምመራው በፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በንድፍ ሥራ ነው። ይህንን የኮምፒዩተር ሙያ የተማርኩት ማታ ማታ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ለሌሎች ማሳየት የጀመርኩት ግን በእኅቴ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው በ2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከመቶ ተማሪዎች ወደ ዘጠና ሰባት የሚሆኑት “ወደቁ” ተባሉ ማለት ነው። ቁጥሩ በጋዜጣ ላይ ቁጥር ነው፤ በየቤቱ ግን አንገቷን የደፋች ልጅ ናት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። “ስንት አመጣሽ?” የሚላትን ሰው ላለማግኘት ጊዮርጊስን የምትሳለመው ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት በፈረሰበት ጊዜ ደግሞ ተወልደን ያደግንበት ግቢ አብሮ ፈረሰና እናቴና እኅቴ ከከተማው ዳር ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ተዛወሩ። ልጅቱ ግን አራዳን መልቀቅ አልሆነላትም፤ እኔ ዘንድ ቀረች። ትምህርቷም፣ ጎረቤቷም፣ ግቢዋም በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጇ ወጡባት።

መጀመሪያ የተጀመረው ለእርሷ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት የጎረቤት ሴቶች ልጆች፣ አንድ በወርቅ ቤት የሚሠራ ወጣትና አንዲት የኬክ ቤት ሠራተኛ ተጨመሩ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ሳሎኔ ትምህርት ቤት ይሆናል።

የምንሠራበት ፕሮግራም ብሌንደር ይባላል። ጎረቤቴ ስሙን ስትሰማ “የጁስ መፍጫው ነው?” ብላ አስቃናለች። ፕሮግራሙን የጀመረው ቶን ሮዘንዳል የተባለ የኔዘርላንድስ ሰው ነው። ይሠራበት የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲዘጋ ፕሮግራሙ ሙት ዕቃ ሆኖ ሊቀር ነበር። ነገር ግን የፕሮግራሙን የውስጥ አሠራር ለሕዝብ ነፃ ለማድረግ 100,000 ዩሮ እንደሚያስፈልግ ሲነገር፣ ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ ተጠቃሚዎች ትንሽ ትንሽ አዋጥተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በመሆኑም ብሌንደር ዛሬ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አንዱ ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ በፍላሽ ለጎረቤቱ ቢሰጥ ሕግ የሚከለክለው ነገር የለም። ኮምፒዩተሩ ያረጀ እንደሆነም እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የወጡትን፣ ለምሳሌ 2.79 የተባለውን መጠቀም ይቻላል።

ይህ ፕሮግራም ለጨዋታ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በብሌንደር የሠራው፣ አንዲት ድመት ከጥፋት ውኃ ስትሸሽ የሚያሳየው “ፍሎው” የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ሽልማት አግኝቷል። ላትቪያ በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ የምታንስ አገር መሆኗን ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ጀማሪን በኦስካር ወሬ አይጀምሩትም። ፕሮግራሙ ሲከፈት ስክሪኑ በትንንሽ ምልክቶች ተሞልቶ መሐል ላይ አንድ ግራጫ ሣጥን ቆሞ ይታያል። የብዙ ጀማሪ ልብ የሚሸሸው በዚህ ጊዜ ነው። በውጭ አገር ጀማሪዎች የሚለማመዱት ቀለበት መሳይ ጣፋጭ ዳቦ በመቅረጽ ነው። እኛ ግን የጀመርነው በጀበና ነው። የጀበናን ሆድ፣ አንገትና ጆሮ ከእኛ ቤት ልጅ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የተበላሸው ቦታ የት እንደሆነ ዓይኗ ራሱ ይነግራታል።

አሠራሩ ለባለሙያ ሴት እንግዳ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ ማንኛውም ዕቃ ከነጥብ፣ ነጥብን ከነጥብ ከሚያገናኝ መስመርና በመስመሮች መካከል ከሚዘረጋ ገጽ ይሠራል። መሶብ የሰፋች እናት እንደምታውቀው መሶቡ የሚቆመው ዙር በዙር ላይ እየተደረበ ነው፤ ዙሩን ስታሰፊው ሆዱ ይወጣል፣ ስታጠብቢው ይሰበሰባል። ሞዴሉም እንዲሁ ነው። ለጀበና ደግሞ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ የጎኑን ቅርጽ ከእግሩ እስከ አፉ በአንድ መስመር ከነደፍን በኋላ ፕሮግራሙ መስመሩን ዙሪያውን 360 ዲግሪ ያዞረውና ጀበናው ይቆማል። ጆሮውና ማፍሰሻው ለብቻ ይቀጠላሉ።

ጀማሪን በመርዳት ረገድ እኔ የማልለቀው አንድ ደንብ አለኝ፤ ማውሱ ከተማሪዋ እጅ አይወጣም። አስተማሪ ሲቸኩል “አምጪው፣ ላሳይሽ” ብሎ ማውሱን ይቀማል። ሥራው በዚያች ደቂቃ ያልቃል፤ ተማሪዋ ግን ያየችው የሌላ ሰው እጅ ነው። ሊጥ ማቡካትን በማየት ብቻ የተማረች ማን ናት? ስለዚህ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ በአፌ ብቻ እመራለሁ። ስትሳሳት ኮንትሮልንና ዜድን አንድ ላይ ብትጫን ሥራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኅቴ ልጅ ይህን ያወቀች ዕለት ደጋግማ እየተጫነች ሳቀች። ስሕተት እንደ ፈተና ወረቀት ተዘግቶ የማይቀርበት ቦታ አገኘች።

ወደ አኒሜሽን ስንሻገር የመጀመሪያው ሥራ የምትነጥር ኳስ ናት። ኳሷ በ1ኛው ሥዕል ላይ ከላይ፣ በ12ኛው መሬት ላይ፣ በ24ኛው እንደገና ከላይ እንድትሆን ይታዘዛል፤ በመካከል ያሉትን ሥዕሎች ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላል። ውጤቱ ግን መጀመሪያ ላይ አያምርም። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዝግታ ጀምሮ በዝግታ ስለሚጨርሰው ኳሷ ወደ መሬት ስትቃረብ እንደ ፊኛ ትንሳፈፋለች። እውነተኛ ኳስ ከላይ ትዘገያለች፣ መሬት ስትነካ ግን በሙሉ ፍጥነቷ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን ለማየት ደጅ ወጥታ የሰፈር ሕፃናት ሲጫወቱ በስልኳ ቀርጻ፣ ቪዲዮውን እያዘገየች ደጋግማ አየችው። ከዚያም የእንቅስቃሴውን መስመር መሬት በምትነካበት ነጥብ ላይ አሾለችውና ኳሷ ነጠረች። ቀጥሎ የመጣው የመግቢያችን እንቁላል ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ የሁላችንም ጥያቄ ነው። ያለቀለትን ሥራ ኮምፒዩተሩ ሥዕል በሥዕል አውጥቶ የሚያስቀምጥበት ሥራ ሬንደር ይባላል፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። አሥር ሴኮንድ ፊልም 240 ሥዕል ነው። በአንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲወጣ ከታዘዘና መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ድካሙ ሁሉ መና ሊቀር ይችላል። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ እንዲቀመጡ ከታዘዘ ግን በ150ኛው ላይ መብራት ቢጠፋ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ሥዕሎቹ ተገጣጥመው ፊልም ይሆናሉ።

ከመብራት የባሰው መሰናክል ግን ሌላ ነው። ወጣቱ ቅዳሜ በሰዓቱ ይደርሳል። ሴቶች ልጆች ግን ዕቃ አጥበው፣ ቡና አፍልተው፣ ታናናሾቻቸውን አብልተው ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ይመጣሉ፤ ገና ሲቀመጡም ስልክ ይጮኻል። አንዲት እናት “ሴት ልጅ ስክሪን ላይ ተጎልታ የሰው ቤት እንዴት ትይዛለች?” ብለውኛል። እኔም “እትዬ፣ በሳምንት ውስጥ ካሉት 168 ሰዓቶች ሁለቱን ብቻ ያበድሩኝ” አልኳቸው። ዕቃውን ወንድሟ እንዲያጥብ ተደረገ። ልጁም አልሞተ፣ ዕቃውም አልቆሸሸ።

በአምስተኛው ወር ገደማ የእኅቴ ልጅ ማንም ሳያዛት የፈረሰውን ግቢያችንን መቅረጽ ጀመረች። ፕሮግራሙ ሁሉንም በሜትር ስለሚለካ የበሩን ቁመት ለማወቅ የእኅቴን የሠርግ ፎቶግራፍ አውጥታ፣ በበሩ ሥር የቆሙትን ሰዎች ቁመት መለኪያ አደረገች። የእንጨቱን ሰገነት፣ የጋራውን ቧንቧ፣ ማድ ቤቱን፣ የዝገት ቀለም ያለውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ አቆመች። በፋሲካ እናቴ ከአዲሱ ሰፈር ልትጠይቀን ስትመጣ ላፕቶፑን ፊቷ አስቀመጠችላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ “የማድ ቤቱ በር በስተግራ ነበር” አለች።

“እሺ እማማ” አለችና በሩን ወደ ግራ አዞረችው።

“አዎ፣ እንዲህ ነበር። ቧንቧው ሥር ደግሞ ድንጋይ ነበረ፤ ልብስ የምናጥብበት።”

ድንጋዩም ተቀመጠ። እንዲህ እያሉ ሁለቱ እስከ ማታ ቆዩ። ለበዓል የመጡት የድሮ ጎረቤቶችም ዙሪያውን ከበቡ። “ስንት አመጣሽ?” ያለ አንድም ሰው አልነበረም። “የእኛን ቤት መቼ ትሠሪልናለሽ?” ነበር ጥያቄው። ልጅቱም ያን ቀን ወደ ጓዳ አልገባችም።

አንባቢያን ሆይ፣ “ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?” ማለታችሁ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በአንድ ዓመት ደመወዝተኛ ያደርጋል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የእኅቴ ልጅ እስካሁን ተቀጣሪ አይደለችም፤ በቴክኒክ ኮሌጅ ተመዝግባ እንደገና ትምህርት ጀምራለች። የወርቅ ቤቱ ወጣት የቀለበት ንድፍ ቀርጾ፣ ወርቁ ከመቅለጡ በፊት ለደንበኞች ማሳየት ችሏል።

በአገራችንም መንገዱን የጠረጉ አሉ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው፣ ፀሐይ የምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት በቤታቸው ሠርተው “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ጀመሩ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራም ሽልማት አሸነፈ። ከዚያው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ከተባለው ድርጅታቸው ያለዕድሜ ጋብቻን የሚቃወሙ ልጃገረዶች የሚታዩበት “ጥበብ ገርልስ” የተባለ አኒሜሽን ወጥቷል። መነሻው አሻንጉሊትና የመኖሪያ ቤት ሳሎን ነበር።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ በቤታችሁ ውጤት ሳይመጣለት የቀረ፣ ቀኑን በስልክ የሚገፋ ልጅ ካለ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ስጡት። ሴት ልጅ ከሆነች ያንን ሁለት ሰዓት ከማድ ቤትም ከስልክ ጥሪም ጠብቁላት። ሙያውን ባታውቁትም ከጎኗ ተቀመጡ፤ ስለ ጀበና፣ ስለ መሶብ፣ ስለ ድሮው ግቢ የምታውቁት ለእርሷ መማሪያ መጽሐፍ ነው። የጀመረችው ትንሽም ቢሆን እንድትጨርሰው አበረታቷት። ስትጨርስም ጎረቤት ጠርታችሁ አሳዩላት። ማውሱን ግን ከእጇ አትቀሟት።