ከካንሰር ሕክምና ማግስት፦ እዚህ ወረቀቱ፣ እዚያ ሰዉ

እዚህ አሜሪካ በብዙ የካንሰር ሕክምና ማዕከላት ግድግዳ ላይ ደወል ተሰቅሏል። የመጨረሻውን ኬሞ ወይም የመጨረሻውን ጨረር የጨረሰ ታካሚ ይደውለዋል፤ ነርሶች ያጨበጭባሉ፣ ቤተሰብ ፎቶ ያነሳል። ልማዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ኢርቭ ለሞይን የተባለ የባሕር ኃይል አድሚራል በሂውስተን ኤም ዲ አንደርሰን ማዕከል የጨረር ሕክምናውን ሲጨርስ ነው። አገር ቤት ደወል ባይኖርም ደስታው ያው ነው፦ ስለት ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይላል።

ስለ ማግስቱ ግን እዚህም እዚያም ብዙ አይወራም። ለወራት ሐኪምና ነርስ ሲመላለሱባት የኖረች ሴት «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ» ተብላ ትሸኛለች። በእነዚያ ሦስት ወራት ክኒኗን የምትውጠው፣ ሰውነቷን የምትከታተለው፣ «ይሄ ሕመም የድካም ነው ወይስ ተመልሶብኝ ነው?» እያለች ከራሷ ጋር የምትሟገተው እሷው ናት። ለዚህ ደግሞ በራሷ መተማመን አለባት። ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዬና ደሴ ያሉ አክስቴ በተቀራራቢ ጊዜ የጡት ካንሰር ታክመዋል። ሁለቱም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ የሁለቱ መንገድ ያስተማረኝን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

መተማመን ከየት ይመጣል?

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» ብሎ የሚያምነው በአራት ምክንያት እንደሆነ አስረድቷል። አንደኛ፣ ራሱ ሞክሮ ሲሳካለት፤ ሁለተኛ፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲያደርገው ሲያይ፤ ሦስተኛ፣ የሚያምነው ሰው ሲያበረታታው፤ አራተኛ፣ የገዛ ሰውነቱን ስሜት በትክክል ሲረዳ። እኛ ኢትዮጵያውያን በሦስተኛው ባለጸጎች ነን፤ የሚያጽናና አናጣም። የቀሩትን ሦስቱን ግን ታማሚዎቻችንን እየነፈግናቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አገር ቤት በአንድ መንገድ፣ እዚህ በሌላ።

ወረቀቱ ያለበት አገር

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጣ። ካንሰርን ታክመው የወጡ ሰዎች ከሕክምናው በኋላ የሚከታተላቸው አጥተው መሐል መንገድ ላይ እንደሚቀሩ ገለጸ። ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ ሕክምናውን የጨረሰ ሁሉ የተደረገለትንና ወደፊት ሊደረግለት የሚገባውን የያዘ የክትትል ዕቅድ በጽሑፍ ይሰጠው የሚል ነበር። ሁሉም ሆስፒታል ሳይጠየቅ ይሰጣል ማለት አይደለም። ጓደኛዬ ጠይቃ ነው የተሰጣት። ሁለት ገጽ ናት፦ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የኬሞው መድኃኒቶች ስም፣ የጨረሩ መጠን፣ ክኒኑ ለስንት ዓመት እንደሚወሰድ፣ በየስንት ጊዜው ምን ምርመራ እንደሚደረግ፣ ለየትኛው ምልክት ለማን እንደሚደወል ተዘርዝሮባታል።

ከወረቀቷ በላይ ልቤን የነካው ግን ዕቅዱን አብራት የሠራችው ነርስ አካሄድ ነው። ጓደኛዬ «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ» ስትላት፣ ነርሷ «ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው፣ እንደምታደርጊው ምን ያህል እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት። «አራት።» ነርሷ አልተቆጣቻትም፤ ዕቅዱን አሳነሰችላት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ዐሥር ደቂቃ። «አሁንስ?» «ስምንት።» በስታንፎርድ ኬት ሎሪግና ባልደረቦቿ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ባዘጋጁት ሥልጠና ውስጥ የሚሠራበት አጠያየቅ ነው፤ መልሱ ከሰባት ካነሰ ዕቅዱ እንደገና ይታያል። ጓደኛዬ ያቺን ዐሥር ደቂቃ አልተወቻትም፤ ከወራት በኋላ ግማሽ ሰዓቱ ላይ የደረሰችው ማንም ሳይገፋፋት ነው።

ታዲያ እዚህ ምን ጎደለ? አንደኛው ቋንቋው ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እናቶቻችን ግን ዛሬም ሐኪም ዘንድ የሚገቡት ልጃቸውን አስከትለው ነው። ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን አልፎ አልፎ የማሕፀን ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ሐኪም ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ከማሕፀን ስለሚፈስ ደም ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህንን እናቱን እንዴት ብሎ ይጠይቃት? ያፍርና ይዘለዋል፤ እሷም ማወቅ የነበረባትን ሳታውቅ ትወጣለች።

ሁለተኛው ብቸኝነቱ ነው። ጓደኛዬ ስትታከም ከቤተ ክርስቲያኗ ሰው ለአንድም አልተናገረችም። አጠገቧ ስታስቀድስ የኖረች ሴት ያንኑ ሕመም ታማ እንደዳነች የሰማችው ሕክምናዋን ከጨረሰች በኋላ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለቱም ብቻቸውን ፈርተው አሳልፈውታል።

ሰዉ ያለበት አገር

አክስቴ የታከሙት አዲስ አበባ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማን ጨምሮ ሌሎች ማዕከላት ቢከፈቱም ብዙ ታማሚ ዛሬም ከቤቱ ርቆ ይከርማል። ስለዚህ ሰዉ ማስረጃውን ይዞ ነው የሚዞረው። አክስቴ የፓቶሎጂውን ውጤት፣ የደረት ራጁን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የኬሞ ቀጠሮ ካርዱን በአንድ ፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እዚህ ብዙዎቻችን ከሆስፒታል ሆስፒታል ስንለምነው የምንውለው መረጃ በእጃቸው ነው። ምን እንደሚል ግን የነገራቸው አልነበረም። ሐኪሙ የነገረው ለልጃቸው ነው፤ ልጃቸውም እንዳይደነግጡበት ብሎ «እጢ ነበር፣ ወጥቷል» አላቸው።

ይህን ያደረገው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየቤታችን ያለ ነው። ይሁን እንጂ ምን እንደታመመ ያልተነገረው ሰው ከምን እንደሚጠነቀቅ አያውቅም። አክስቴ በየቀኑ የሚወስዱትን ታሞክሲፈን «እጢው ከወጣ ይሄ ምን ያደርግልኛል» ብለው ሊተዉት ነበር። ክኒኑ ካንሰሩ እንዳይመለስ እንደሚከላከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት፣ ለአንዳንዶችም እስከ ዐሥር ዓመት እንደሚወሰድ የሰሙት ልጃቸው እውነቱን ሲነግራቸው ነው። አለቀሱ። ከዚያ «ታዲያ ይህን ማወቅ ያለብኝ እኔ አይደለሁም?» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጠዋት ጸሎታቸው ቀጥለው ክኒናቸውን ይወስዳሉ፤ አስታዋሽ አያስፈልጋቸውም።

ጎረቤቶቻቸውም ከፍቅር የተነሳ፣ ሳያውቁት በራሳቸው መተማመናቸውን ይሸረሽሩባቸው ነበር። በብብታቸው ያለው ንፍፊት ስለወጣ «ክንድዎ ያብጣል» እያሉ ጀበና እንኳ ከእጃቸው ይቀበሏቸው ነበር። ስጋቱ መሠረት አለው፤ እብጠቱ በእርግጥ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች እንኳ በባለሙያ እየታገዙ ቀስ በቀስ ክብደት ማንሳታቸው እብጠቱን እንዳላባሰው አሳይቷል። ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰ ክንድ ግን ትከሻው ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይከዳል፤ ባለቤቱም ከእንግዲህ ለምንም አልሆንም ብላ ታምናለች። አክስቴ ባለሙያ ባሳያቸው ልክ ክንዳቸውን ማሠራት ጀምረው ቡናቸውን ራሳቸው ያፈሉ ዕለት፣ በስልክ የሰማሁት ድምፅ የሌላ ሰው ነበር የመሰለኝ።

አገራችን ይህን ታውቅበታለች

«አገር ቤት ታካሚን ይህን ያህል ማስተማር አይቻልም» ለሚል ኤች አይ ቪን ላስታውሰው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች ሳይቀሩ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድን፣ ቀጠሮ ማክበርን፣ አደገኛ ምልክትን መለየትን ተምረዋል። ካስተማሯቸው መካከል ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩበት። ተስፋ ጎህን የመሰሉ ማኅበራት በአደባባይ ወጥተው «እኛም አለን፣ በሥራችን ላይ ነን» ብለዋል። ባንዱራ በሁለተኛነት ያነሳው፣ እንደራስ ያለ ሰው ሲያደርገው ማየት፣ ይህ ነው። በዚያ ላይ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዋን እስከ ቤት ደጃፍ ያደርሳታል። ለካንሰርም ይህንኑ መንገድ መጠቀም እንችላለን።

ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

የየሰዉ ሕክምና ስለሚለያይ ዝርዝሩን ሐኪም ነው የሚነግረው። ለጡት ካንሰር የተለመደው ክትትል ግን ይህን ይመስላል፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት በየስድስት ወር እስከ ዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ በሐኪም መታየት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማሞግራም። ምንም ምልክት ለሌላት ሴት በየጊዜው ሲቲ ስካን ማንሳት አይመከርም፤ ስለዚህ «ስካን አላነሱኝም» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶች አሉ፦ በጡት፣ በደረት ወይም በብብት አዲስ እብጠት፤ የማይለቅና እየባሰ የሚሄድ የአጥንት ሕመም፤ ትንፋሽ ማጠር፤ የማይተው ራስ ምታት። ታሞክሲፈን ለምትወስድ ያልተለመደ የማሕፀን ደም ይጨመራል። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ትታይ። ክንድ ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካመጣም እንዲሁ። ጸበል የምትጠመቅ ትጠመቅ፣ ዱዓ የምታስደርግም ታስደርግ፤ ክኒኗን ግን አታቋርጥ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ የክትትል ዕቅዳችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነውና ልጆቻችሁን ከዚህ ሸክም አሳርፏቸው። አገር ቤት ለታመመ ዘመድ ገንዘብ ስትልኩ «ምን እንደታመመች ተነግሯታል ወይ? ክኒኗ ለስንት ዓመት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሞቻችንም ሕክምና ለጨረሰ ሰው አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚያነበው ቋንቋ ጻፉለት። ታክማችሁ የዳናችሁ ደግሞ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በዕድር፣ ቢያንስ ለአንዲት አዲስ ታማሚ «እኔም ታክሜ አልፌዋለሁ» በሏት። ከማንኛችንም ምክር ይልቅ የእናንተ ቃል ያጸናታል።