ወደ ቹንቾን የሚወስደው መንገድ

ከሴኡል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ በቹንቾን ከተማ፣ በውሃው ዳር፣ በግንቦት 1960 ዓ.ም. የተመረቀውን የዘማቾቻችንን ሐውልት ያገኛል። በአቅራቢያውም የሐበሻ ቡና የሚቀዳበት ቤት አለ፤ ሐዘንን ያለ ቡና የማናውቅ ሕዝብ ስለ ሆንን ይህ ደስ ያሰኛል።

ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ሲደርስ ይህ አገር መንደሩ የተቃጠለ፣ ድልድዩ የፈረሰ፣ ባለ እርሻው የተሰደደ ነበር። ታንኩ በሸለቆው መንገድ ያዘግማል፤ ከመንገዱ ቢወጣ የሩዙ ማሳ ጭቃ ይይዘዋል፤ በመንገዱም ላይ ፈንጂ ይቀበርበታል። ስለዚህ እግረኛው በግራና በቀኝ ያለውን ተራራ አስቀድሞ ካልያዘለት ብረት ለበሱ አንድ ምዕራፍ እንኳ በደኅና ሊራመድ አይችልም ነበር። ዳገት ለደገኛ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ የኮሪያ በረዶ ግን ሌላ ነው።

ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ በየተራ ከዘመቱት ወገኖቻችን ከ120 በላይ የሚሆኑት ወደቁ፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። አስከሬናቸው በፑሳን ዐርፎ ቆይቶ ኋላ ወደ እናቶቻቸው አገር ተመለሰ።

ዛሬ ማሳው ለምልሟል። ወደ ድንበሩ በተጠጋው ስፍራ ግን ገበሬው ቀይ ምልክት የተንጠለጠለበትን ሽቦ አይሻገርም፤ የያን ጊዜው ፈንጂ ገና ተነቅሎ አላለቀም።