አጎቴ፣ ክላሹና «እርምጃ»

እኔ ከጌጫ ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ፤ የጫማዬ ጭቃ ግን አሁንም አልለቀቀም። (የጌጫን ዝናብ ያላየ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል።) ለማታውቋት፣ ጌጫ ከማሻ ወደ ቴፒ ስትወርዱ የምታገኟት የሸካ ደጋ ከተማ ናት። የሄድኩት ለአያቴ ሙት ዓመት ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሙት ዓመቱ ሳይሆን አጎቴ ስለ ጠየቀኝ አንድ ቃል ነው።

ማታ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ሬዲዮው ጥግ ላይ ለራሱ ያወራል። ዜና አንባቢው የሆነ ቦታ «እርምጃ ተወስዷል» አለ። ማን ወሰደ? በማን ላይ? ሰው ሞተ፣ ታሰረ፣ ወይስ ተመከረ? አልተነገረም። አጎቴ ስኒውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ፣ ሕግ ተምሬያለሁ ትል የለ? ይሄ እርምጃ የሚሉት ነገር በሕጉ ምን ማለት ነው?»

ሰው ሁሉ አየኝ። እኔም እንደ ማንኛውም ሕግ እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

እስቲ እናንተም አስቡት። እርምጃ ማለት እግር አንስቶ መጣል ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚጀምረው። እኛ አገር ግን መንግሥት ሲራመድ ሰው ይወድቃል። አጎቴ ቃሉን መጀመሪያ የሰማው በልጅነቱ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሙሉ ስሙ «ነፃ እርምጃ» ነበር። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ያለ ፍርድ ቤት እንዲገድል የተፈቀደበት ዘመን። «ነፃ» የተባለው ከምን ነፃ እንደሆነ ገብቷችኋል፤ ከዳኛ ነው። ደርግ ሲሄድ «ነፃ» የሚለው ቀረ፣ «እርምጃ» ግን ሥራውን አልለቀቀም።

አጎቴ የጠየቀኝ ለጨዋታ አልነበረም። ለብዙ ዓመት የቀበሌ ሚሊሻ ነበር። እኛ ከተሜዎች ስለ መንግሥትና ስለ ጦር ኃይል ስንከራከር ታንክና ሄሊኮፕተር ነው የሚታየን። ጌጫ ላይ ግን መንግሥት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ክላሽ ያነገበ ጎረቤት ነው፤ ጠዋት እንሰቱን ሲኮተኩት ያያችሁት ሰው።

እናላችሁ፣ ወደ 2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። አንድ ልጅ የሰው ቡና በጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ ተገኘ። አጎቴና አንድ ኃላፊ (ስሙንም ቀበሌውንም አልጠራም) ተከተሉት። ልጁ ጫካው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ኃላፊው «በለው!» አለ። አጎቴ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ልጁ ጆንያውን ጥሎ ጫካው ውስጥ ገባ። ቡናው ተመለሰ፤ አጎቴ ግን ክላሹን ተቀማ። ትእዛዝ አልፈጸመም፣ ፈሪ ነው ተባለ። ጠመንጃው የተመለሰለት ከስድስት ወር በኋላ ነው። «ፈሪ» የሚለው ግን እስከ ዛሬ፣ በተለይ ጠጅ ሲጠጣ፣ ይነሣበታል።

«ታዲያ ጥፋተኛ ነበርኩ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» አልኩና ሞባይሌን አወጣሁ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 አለ። የሚያዘው ሰው ቢታገል ወይም ለማምለጥ ቢሞክር፣ ያዡ ከሁኔታው ጋር የሚመጣጠን ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ጠቅላላው ነገር «የሚመጣጠን» የምትለው ላይ ነው። አንድ ጆንያ ቡና ከአንድ ልጅ ነፍስ ጋር ይመጣጠናል? የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ ያጸደቀው መመሪያ ደግሞ ይበልጥ ግልጥ ነው፤ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚቻለው ሕይወት ለማዳን ሌላ ምንም መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

«ትእዛዝስ?» አለ አጎቴ። ቁስሉ እዚህ ላይ ነው።

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ፈለግኩ። አንቀጽ 73 ያዘዘው ሰው ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 74 ደግሞ ወደ ታዛዡ ይዞራል፤ ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ፣ በተለይ እንደ ሰው መግደል ያለ ከባድ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ እሱም ይቀጣል። እርግጥ ሕጉ ጨካኝ አይደለም። የዲሲፕሊን ግዴታ እጅ እግሩን አስሮት ሌላ ማድረግ ያልቻለ ታዛዥ ቅጣቱ ሊቀልለት፣ እንዲያውም ሊቀርለት ይችላል። «ታዝዤ ነው» ግን በራሱ ማምለጫ አይደለም። ባጭሩ፣ አጎቴ ያን ቀን ልጁን ቢመታው ኖሮ ከኃላፊው ጎን ለጎን ሊከሰስ ይችል ነበር። ክላሹን የተቀማው ሕጉን ስላከበረ ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው፣ «ይሄ ሕግ ቴፒ ላይ የት ነበር?» አሉ።

በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ቴፒ ላይ በአካባቢው አስተዳደር ጥያቄ የተነሣ ግጭት ብዙ የሸኮና የመዠንገር ሰዎች ተገድለዋል። ኢሰመጉ የሟቾቹን ቁጥር ከመቶ በላይ አድርሶታል። በኋላ የአካባቢው ባለሥልጣናትና ፖሊሶች ታስረዋል። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 16 ቀን፣ አዋሳ አጠገብ ሎቄ ላይ የሲዳማ ሰልፈኞች ተተኮሰባቸው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራታቸውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የገባን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ቆጠረ። የተሰጠው ጥያቄ አጎቴ የጠየቀኝ ራሱ ነበር፦ ኃይሉ ተመጣጣኝ ነበር ወይ? አባላቱ መጀመሪያ ስምንት ለሁለት ከልክ ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጡ። በ1999 መጀመሪያ ፓርላማው የሰማው ሪፖርት ግን «ከልክ ያለፈ አይደለም» የሚል ነበር። ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም።

ነገሩን ለማለሳለስ ብዬ ወደ ሕገ መንግሥቱ ሄድኩ (ሕግ የተማረ ሰው ሲጨንቀው ወደ ሕገ መንግሥት ይሸሻል)። የአገር መከላከያ ወደ ክልል የሚገባው ክልሉ ከአቅሜ በላይ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ መሆኑን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን እንዳለበት፣ ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ እንዲሆን መደንገጉን አነበብኩላቸው። ከዚያ አንቀጽ 93 ላይ ደረስን፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ፓርላማው ሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት ይቀርብለታል፤ ከሌለ በ15 ቀን። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ስድስት ወር ይቆያል፣ ከዚያ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ይህን አንቀጽ ሁላችንም በኑሮ ተምረነዋል፤ 2009፣ 2010፣ 2012፣ 2013፣ 2014፣ 2015... በ2010ሩ ድምፅ አሰጣጥ ላይ መጀመሪያ 346 ደገፉ ተባለ፤ 346 ደግሞ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ወዲያው 395 ነው ተብሎ ታረመ። የመደመር ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል።

«በአዋጁ ጊዜ ሁሉም መብት ይታገዳል ማለት ነው?» አለ አጎቴ።

«የለም፣ የማይነኩ አሉ» አልኩ ደስ ብሎኝ። ማንበብ ጀመርኩ። የአገሪቱ ስያሜ አይነካም። ኢሰብአዊ አያያዝ መከልከሉ አይነካም። እኩልነት አይነካም። የብሔረሰቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል አይነካም።

አጎቴ ጠበቀ። «ቀጥል።»

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ነፍስስ?»

ወደ ላይ መለስኩ፣ ወደ ታች ወረድኩ። በሕይወት የመኖር መብት አንቀጽ 15 ላይ አለ፤ አንቀጽ 93 ከማይነኩት ሲዘረዝር ግን አልጠራውም። እመኑኝ፣ ይህን አንቀጽ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ እንዲህ ጥያቄ ሆኖ ግን ታይቶኝ አያውቅም። የአገሪቱ ስም የማይታገድ ሆኖ የዜጋው ነፍስ ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። መውጫ አለው፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በማንኛውም አስቸኳይ ጊዜ በሕይወት የመኖር መብት አይታገድም ይላል፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 9 ላይ የተቀበልናቸው ስምምነቶች የሕጋችን አካል ናቸው ይላል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። አስረዳሁ እንጂ፣ ከኒው ዮርክ ዞሮ የሚመጣ መብት ጫካ ዳር ጣቱን ቃታ ላይ ላደረገ ሚሊሻ በምን ፍጥነት እንደሚደርሰው ራሴን ጠየቅኩ።

አጎቴ ስለ ኒው ዮርኩ ብዙም አልገደደውም። «ያችን የትእዛዟን እንደገና አንብባት፣ ቀስ ብለህ» አለኝ። አንቀጽ 74ን አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ፣ «ሰማችሁ?» አለ፤ ያን ያህል ጮኾ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መኪና ልይዝ ስወጣ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። አንቀጿን በወረቀት እንድጽፍለት ፈለገ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን፤ መብራት የለም። ልጅቷ ሉክ ሸጠችልን፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ በእጄ ጻፍኩለት። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ቆመ።

«አንድ ሌላም ጻፍ» አለ።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለልጄ። በሚቀጥለው ወር ፖሊስ ማሠልጠኛ ይገባል።»

ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነበር። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በተሻለ ፊደል ጻፍኩት።