የውጭ ስም፣ የቻይና ግቢ

ከውጭ ተምሮ የተመለሰን ሰው ቻይናውያን በቀልድ «የባሕር ኤሊ» ይሉታል። በቋንቋቸው «ከባሕር ማዶ ተመላሽ» ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ አንድ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ በኒንቦ ከተማ ግቢ ሲከፍት ለወላጆች ያቀረበው ነገር ባጭሩ ይኸው ነበር፦ ልጃችሁ ባሕር ሳይሻገር ኤሊ ይሁን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ዲግሪውም የእንግሊዝ። ከዚያ ሊቨርፑል በሱጆ፣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሻንጋይ፣ ዱክ በኩንሻን ተከተሉ።

ብዙዎች ይህን ሲያዩ «ቻይና በሯን ለምዕራቡ ከፈተች» አሉ። መክፈቷስ ከፍታለች፤ ቁልፉን ግን ከኪሷ አላወጣችም። የ2003ቱ ደንብ የውጭ ተቋም ያለ ቻይናዊ አጋር እንዲያስተምር አይፈቅድም። ከቦርዱ አባላት ቢያንስ ግማሹ ከቻይና ወገን መሆን አለባቸው። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የቻይና ዜጋ፣ ያውም «አገሩን የሚወድ» እንዲሆን በግልጽ ተጽፏል። (የአገር ፍቅር በምን እንደሚለካ ደንቡ አያብራራም።)

ቤጂንግ ይህን የፈለገችው ያለምክንያት አይደለም። በ1999 የዩኒቨርሲቲ ቅበላን በአንድ ጊዜ አሰፋች። በ2025 የተመራቂው ቁጥር ከ12 ሚሊዮን አለፈ። ዲግሪ በየቤቱ ሲገባ ሥራ ፈላጊው የሚለይበት ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ የውጭ ስም ያንን ይሰጣል። ለዚህም ነው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ5 ሺህ ዩዋን ገደማ እያስተማረ፣ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ የሚከፍል ወላጅ የማይጠፋው።

ገንዘብ ባለበት ደግሞ ስም ቸርቻሪ አይጠፋም። ለሁለት ሳምንት በአውሮፕላን መጥቶ ኮርስ ጨርሶ የሚመለስ መምህር፣ ከብሮሹር ያላለፈ «ትብብር» በዛ። በ2018 የትምህርት ሚኒስቴሩ 234 የጋራ ፕሮግራሞችንና ተቋማትን ዘጋ። ይህ እርምጃ ተገቢ ነበር።

አሁን የመጣው መፋታት ግን ሌላ ነው፤ ከጥራት ጋር አይገናኝም። ጆርጂያ ቴክ በመስከረም 2024 ከቲያንጂን ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረውን አጋርነት እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ሚሺጋን በጥር 2025 ከሻንጋይ ጂያኦቶንግ ጋር ሃያ ዓመት ገደማ የኖረውን ትብብር አፈረሰ። ግፊቱ የመጣው ከአሜሪካ ኮንግረስ ነው፤ ምርምራችን ለቻይና ጦር ይተርፋል የሚል ሥጋት ነው። ሥጋቱ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በ2024 ቻይና ውስጥ የሚማሩ አሜሪካውያን አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ቻይናውያን ግን ከ277 ሺህ ይበልጣሉ። ተቀናቃኜ ነው የሚሉትን አገር ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ከየት ሊገኝ ነው?

አሜሪካውያኑ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ጀርመኖች ገብተዋል። የቢለፌልድ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በ2023 በሃይናን ደሴት ያለ ቻይናዊ አጋር ሥራ ጀመረ፤ ደሴቲቱ ለብቻዋ የወጣላት ሕግ ይህን ይፈቅዳል። የሚሺጋን ተማሪዎች ደግሞ የጀመሩትን እንዲጨርሱ ቃል ተገብቶላቸዋል።